የተውሶ ምንጣፍ

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

የምሠራበት የሶፋ ወርክሾፕ ባለቤት፣ ሙዐሊም ሸውቂ፣ ዛሬ አባረረኝ። እሱ ግን «አላባረርኩሽም» ይላል። «አንቺ ነገም ነይ፣ ከነገ ወዲያም ነይ። ልጅቷ ግን ከዚህ በር እንዳታልፍ» ነው ያለኝ። ልጄን ታስኒምን ለማን ትቼ እንደምመጣ አልጠየቀኝም። ምን አገባው!

ሶፋ በማለብስበት ጥግ፣ የስፖንጅ ክምር ላይ አስቀምጫት ነበር። እንደ ሁልጊዜዋ ስታወራ ስታወራ ዝም አለች። ዝም ስትል መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ስፌቴ ላይ አቀርቅሬያለሁ። ዞር ስል አፏን በጥቃቅን ሚስማር ሞልታዋለች። በጣቴ እየፈለፈልኩ አወጣሁ። ሠራተኞቹ ሁሉ መዶሻቸውን አቁመው ያዩኛል። ሸውቂ ፊቱ ነጭ ሆኖ «አሁን ረጀብ ቢሰማ ምን ይለኛል?» አለ።

ረጀብ ምን ሊል? ባሌ ሊቢያ ከሄደ ይኸው ሁለተኛ ክረምቱ ነው፤ ካለፈው ረመዳን ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። የዚያ አገር መስመር መጥፎ ነው ይላሉ።

ማታ ፊክሪያ ደወለች፤ የረጀብ እህት፣ ማንሱራ ከተማ ያለችው። ወሬው እንዴት እንደደረሳት አላህ ይወቅ። «ልጅቷን ስጪኝ፣ እስክትቋቋሚ። እኔ ጋ ክፍል አለ፣ ሙቀት አለ፣ ምን ይጎድላል?» አለችኝ። ምን እንደሚጎድልማ አውቃለሁ። ካገባች ጀምሮ ልጅ ስትለምን የኖረች ሴት ናት። እምቢ አልኳት።

እዚህም እጽፈዋለሁ፤ ታስኒምን አልሰጥም።

ኖቬምበር 10

ምድር ቤት ያለችው ኡም ዋኢል ዛሬ ታስኒምን ያዘችልኝ፤ ነገ ግን አትችልም፣ ጉልበቷን ያማታል። መላ አመጣች። መንግሥት ለችግረኛ እናት በየወሩ ድጎማ ይሰጣል፣ የዳቦ ካርድ ይሰጣል፣ ልጇንም ያለ ክፍያ የሕፃናት መዋያ ያስገባል አለችኝ።

«ችግረኛ ማለት ማን ናት?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ፣ የኔ ጅል!»

ሁለታችንም ሳቅን። ደረጃውን ስወጣ ሳቄ ጠፋ።

ኖቬምበር 12፣ ረቡዕ

ከሱብሒ ሶላት በኋላ የድጎማው ቢሮ ሄጄ ተሰለፍኩ። ታስኒም ጀርባዬ ላይ ተኝታለች። ከፊቴ ያሉት ባሎቻቸው የሞቱባቸው ወይ የተፈቱ ናቸው፤ ምን እንደሚሉ ያውቃሉ። እኔ ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው ቀና እንኳ ሳይል፦

«ባልሽ ሞቷል?»

«አላህ ያቆየው!»

«ፈቶሻል?»

«ኧረ በፍጹም!»

«ታዲያ ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ሊቢያ ነው ያለው።»

«ሊቢያ ያለ ሰው ይልካላ።»

«አይልክም።»

«እንደማይልክ ማስረጃ አምጪ።»

«ያልተላከ ነገር ማስረጃው ከየት ይገኛል ወንድሜ?»

ከኋላዬ ያሉት ሳቁ፣ እሱ አልሳቀም። በመጨረሻ «ሁለት ምስክር፣ ከነመታወቂያቸው» አለኝ። ስወጣ አንዷ ለጓደኛዋ «ይቺ እኮ ተትታለች፤ ገና አልገባትም» ስትል ሰማሁ። ስለ ሌላ ሰው እያወሩ ይሆናል።

ኖቬምበር 16

አንዷ ምስክር ኡም ዋኢል። ሁለተኛ ሰው ስንፈልግ ስንፈልግ ከአከራዬ ከሐጅ ሙርሲ የተሻለ አጣን። ጸሐፊው «ባሏ እንደማይልክላት በምን አወቅህ ሐጅ?» ቢለው ሐጅ ጮኸበት። «በምን አወቅህ? ቢልክማ ከሷ በፊት የማውቀው እኔ ነኝ! በየወሩ መጀመሪያ በሯ ላይ ቆሜ አድራለሁ እኮ!»

ቢሮው በሙሉ ሳቀ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

መንገድ ላይ ግን ሐጅ ድምፁን ቀንሶ «መሰከርኩልሽ ማለት ማርኩሽ ማለት አይደለም ልጄ። የወንድሜ ልጅ ከረመዳን በኋላ ሊያገባ ነው፣ ክፍል ይፈልጋል። ወይ ኪራዬን፣ ወይ ክፍሌን» አለኝ። እውነቱን ነው። ክፉ ሰው ቢሆንማ እሰድበው ነበር።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ማመልከቻው ገባ፣ አልሐምዱሊላህ! አሁን የቢሮው አጣሪ ቤቴ መጥታ ኑሮዬን ታያለች። ቀኑን አይናገሩም።

ቤቴን ሊያዩት! ምኑን ነው የሚያዩት? ፍራሹን፣ የተተለተለውን ሰሌን፣ ግድግዳው ላይ የወጣውን ሻጋታ። ከዕቃ ዕቃ የቀረኝ ቡፌው ብቻ ነው። እናቴ የሰው ልብስ ስታጥብ ኖራ ነው የገዛችልኝ። «የሶፋና የቡፌ አገር ዱምያት ተወልዳ ያለ ቡፌ የተዳረች እንዳትባይ» ብላ። ውስጡ የነበሩትን ሳህኖችና ብርጭቆዎች ለጊዜው ሸጬያቸዋለሁ። ረጀብ ሲመጣ እንተካቸዋለን።

ታስኒም ባዶው ቡፌ ውስጥ አሻንጉሊቷን ታስተኛለች።

ኖቬምበር 26

ጉድ ነው! አጣሪዋ ነገ ትመጣለች። የኡም ዋኢል ምራት እህት ቢሮው ውስጥ ጽዳት ናት፤ እሷ ሹክ አለችን።

ከዚያማ ሰፈሩ ተነቃነቀ። ኡም ዋኢል ልጇ ከኩዌት የላከላትን ቀይ ምንጣፍ ተሸክማ መጣች፤ ጉልበቷን ረስታዋለች። አጠገቤ ያለችው አዲስ ሙሽራ መጋረጃዋንና ማሞቂያዋን አመጣች። ከወዲያ ማዶ ወርቅማ ጠርዝ ያላቸው ሳህኖች መጡ፣ ቡፌው ሞላ። «ይሄ ሁሉ ለምን?» ብዬ ነበር። ኡም ዋኢል እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፦

«እንግዳ በባዶ መሬት ልትቀበይ? ያውም የመንግሥት ሰው? ሰው የላትም እንድትል ነው? ሰፈሩን ልታዋርጂው ነው?»

እውነቱን ልጻፍ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁሉም ከሄዱ በኋላ መብራቱን ሳላጠፋ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ታስኒም ስትንከባለልበት አመሸች።

ኖቬምበር 27፣ ሐሙስ

መጣች! ኑርሃን ትባላለች። ልጅ እግር፣ ዓይን አፋር፣ ጫማዋን በር ላይ ልታወልቅ ስትል «ኧረ በአላህ!» ብዬ ከለከልኳት። ሙሸበክ አቀረብኩ። ኡም ዋኢል ነች የገዛችው፣ ገና ከዘይት የወጣ፣ ማሩ የሚንጠባጠብ። ኑርሃን አንዴ አነሳች፣ ደግማ አነሳች። ጣቷን ስትልስ አይታኝ ሳቀች።

«ቤትሽ ያምራል» አለችኝ። ቀጥላ «ይሄ ሁሉ ያንቺ ነው?» አለች።

ምን ልበል? ኡም ዋኢል በር ላይ ቆማለች። የሰው ነው ብል እሷን በእንግዳ ፊት ማሳፈር ነው። «አልሐምዱሊላህ» አልኩ። አልዋሸሁም መሰለኝ። አልሐምዱሊላህ ውሸት አይሆንም።

ስትሄድ ደረጃው ድረስ ሸኘኋት። እንደ ቤተሰብ ነው የተለያየነው። እንደሚሳካ ልቤ ነግሮኛል።

ዲሴምበር 4

ዝናብ። ባሕሩ ሦስት ቀን አበደ። ጣሪያው ከፍራሹ በላይ ያንጠባጥባል፣ ወደ በሩ ሳብኩት። ታስኒም ታስላለች።

ሸውቂ ቤቴ ሆኜ የምሰፋው የትራስ ልብስ ሰጠኝ። ትንሽ ነው፣ ግን ሥራ ነው። ራት ለታስኒም ፉል። እኔን አላሰኘኝም።

ዲሴምበር 9

አሁንም ሳል። አሁንም ከቢሮው ወሬ የለም። ሻይ ጠጥቼ ተኛሁ። ከሻይ ሌላ ሆዴ አይቀበልም ሰሞኑን።

ዲሴምበር 15፣ ሰኞ

ውድቅ።

ጸሐፊው አነበበልኝ። ምንጣፍ፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ መጋረጃ፣ በዕቃ የተሞላ ቡፌ። «እንግዳ በጣፋጭ ታስተናግዳለች። የኑሮ ሁኔታዋ ደህና ነው።»

«ሁለቴ እኮ ነው ያነሳችው!» አልኩት። እንደ እብድ ቆጠረኝ። ሌላ ምን ልል እችላለሁ? ምንጣፉ የኡም ዋኢል ነው ስለው «ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» አለኝ። እንግዳ ፊት ይሄ የኔ አይደለም፣ ያም የኔ አይደለም ብሎ የሚቆጥር ሰው የት አለ? ግን እሱ እንዲህ ሲባል አይገባውም። ወረቀት ላይ ምንጣፍ ምንጣፍ ነው።

ኡም ዋኢል ስነግራት ጉንጮቿን በሁለት እጇ በጥፊ መታች። እኔ ግን አፌ አላረፈም።

«ማን ጠየቀሽ? ማን ምንጣፍ አምጪ አለሽ?»

«ምንጣፌን ነው ያነጠፍኩልሽ፤ ጉድጓድ አልቆፈርኩልሽም!»

«ቢሆን ይሻለኝ ነበር!»

በሯን ዘጋችብኝ። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። አልሐምዱሊላህ ያልኩት እኔ ነኝ። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ የተደሰትኩት እኔው ነኝ። አሁን ደግሞ ያለኝን አንድ ሰው አስቀየምኩ።

ይግባኝ አስገብቻለሁ። ሌላ አጣሪ ይልካሉ፤ መቼ እንደሆነ አይታወቅም።

ዲሴምበር 19፣ ዓርብ

ፊክሪያ ሳትጠራ መጣች። ብርቱካን፣ የልጅ ካፖርት፣ የሳል ሽሮፕ ይዛለች። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች፣ እርጥቡን ግድግዳ በመዳፏ ነክታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ቢሰድቡኝ ይሻለኛል። ታስኒም ስታስል ደረቷ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል።

«ለሳምንት» አለች ፊክሪያ። «ሳሉ እስኪለቃት። ሐኪም አሳያታለሁ።»

ሰጠሁ ማለት አይደለም። ለሳምንት ነው። ስለታመመች ነው። ሚኒባሱ ሲሄድ ታስኒም በመስኮት እጇን አውለበለበችልኝ፤ አላለቀሰችም። ጥሩ ልጅ ናት፣ አታስቸግርም።

ካፖርቱ ልክ ሆነላት። ቁመቷን ጠይቃኝ አታውቅም።

ዲሴምበር 28

ሳምንቱ አልፏል። ደወልኩ። ሳሉ ለቋታል፣ አልሐምዱሊላህ። «አሁን ገና መላመዷ ነው፣ ብርዱ ይውጣና» አለች ፊክሪያ። ስልኩን ለታስኒም ሰጠችልኝ። ድመት እንዳለ ነገረችኝ። ስለ ድመቱ ብቻ አወራችኝ።

ጃንዋሪ 7

ሙሉ ቀን እሠራለሁ አሁን። ሸውቂ «ይኸው አሁን ሰው ሆንሽ! እጅሽ እንዴት እንደፈጠነ አየሽ?» አለኝ። ጥርሴን ነክሼ ሰፋሁ። ያ የስፖንጅ ክምር አሁንም እዚያው ነው፤ ሌላ ቦታ እንዲያደርጉልኝ ልጠይቅ እልና እተወዋለሁ።

ከሐጅ ዕዳ ትንሽ ቀነስኩ። ፊክሪያ ልጅቷን እዚያ ትምህርት ቤት ልታስገባት ታስባለች፤ «ለጊዜው» ትላለች። እኔም ለጊዜው እላለሁ። ሁላችንም ለጊዜው እንላለን።

ጃንዋሪ 14፣ ረቡዕ

ይግባኙ ተሰምቷል! ሰኞ አጣሪ ትመጣለች፣ የዚህኛውን ቀን ይናገራሉ።

ደስታዬ ግን ከበሩ አላለፈም። ጸሐፊው፣ «ልጅቷ ቤት ትገኝ» አለኝ። «ዘመድ ጋ ናት፣ ለጊዜው» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ክፉ ዓይን የለውም።

«እህቴ ስሚኝ። የምንቆጥረው እዚያ ቤት የሚያድረውን ነው። ልጅቷ ካልተቆጠረች አንቺ ብቻሽን ነሽ። ብቻዋን ለሆነች ጤነኛ ሴት ደግሞ እኛ ጋ ምንም የለም። ድጎማውም መዋያውም ለልጅቷ ነው።»

ልጅቷን ለማምጣት ድጎማው ያስፈልገኛል፤ ለድጎማው ልጅቷ ታስፈልጋለች። መንገዱን በሙሉ ይህንኑ ሳኝክ መጣሁ።

ጃንዋሪ 16፣ ዓርብ

ለፊክሪያ ደወልኩ። እሑድ እንድታመጣልኝ ለመንኳት። ለመንኳት ነው የምለው!

«የወንድሜን ልጅ ለመንግሥት ለማኝ አድርገሽ ልታሳዪያት? እዚያ እርጥብ ውስጥ? ለወረቀት ብለሽ?»

«ልጄ ናት ፊክሪያ።»

«ማን አይደለችም አለ? ረጀብ ራሱ እኮ እኔ ጋ ትሁን ብሏል።»

አፏ አምልጧት ነው።

«መቼ አለ?» አልኳት።

«እንዲያው... አልፎ አልፎ ይደውላል።»

ስልኩን ዘጋሁት። መስመሩ ማንሱራ ድረስ ይሠራል ማለት ነው። እስከዚያ ደርሶ ዱምያት ላይ ነው የሚበላሸው።

እኔ ደደብ! እኔ ጅል! ያቺ የወረፋዋ ሴትዮ በጀርባዬ አይታ ያወቀችውን እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ ሳላውቅ። አላውቅም ነበር ወይስ... ተይው። ተይው አሁን። ነገ ማንሱራ እሄዳለሁ።

ጃንዋሪ 17፣ ቅዳሜ

አመጣኋት።

ፊክሪያ በሩን ስትከፍት ታስኒም ከኋላዋ ቆማ ነበር። ወፍራለች። ጸጉሯ በሁለት ተጎንጉኗል፣ ጉንጮቿ ቀይ ናቸው። ወደ እኔ ከመሮጧ በፊት ፊክሪያን ቀና ብላ አየች። ያቺን አስተያየት መቼም አልረሳትም። ከዚያ ሮጠች።

«ምን ልታበያት ነው?» አለችኝ ፊክሪያ።

«ምስር።»

«ነገስ?»

«ምስር።»

«አንቺ ራስሽ መቼ ነው የበላሽው? ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል?»

«አንቺ ወንድምሽ ሲደውል ለምን አልነገርሽኝም?»

ሶፋው ላይ ቁጭ አለች፤ እኛ ወርክሾፕ የተሰፋ ሊሆን ይችላል። «ብነግርሽ ትመጪና ትወስጃታለሽ ብዬ ፈራሁ» አለች፣ ፊቷን በሻርፗ ሸፍና። ልጮህባት ነበር የመጣሁት፣ መንገዱን በሙሉ ስድቡን ሳዘጋጅ ነበር። ልጄን አቅፌ ወረድኩ።

ታስኒም ግማሹን መንገድ፣ እስከ ሼርቢን ድረስ «ፊክሪያ፣ ፊክሪያ» እያለች አለቀሰች። ሚኒባሱ ውስጥ ያሉት እንደ ልጅ ሌባ አዩኝ። ምናልባት ልክ ናቸው። እዚያ ይሞቃት ነበር።

ጃንዋሪ 19፣ ሰኞ

በጠዋት በሬ ተንኳኳ። ኡም ዋኢል ናት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አንባባልም ነበር። ሰላምም አላለችኝ። በቀጥታ ገብታ ቡፌውን በትከሻዋ መግፋት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልደብቀው! እኔ ጋ ይግባ። ብርድ ልብሱንም አምጪ፣ ድስቱንም። ባዶ፣ ባዶ ነው የሚፈልጉት! ዛሬ አንድ ማንኪያ አታገኝም!»

ሳቄ መጣ። ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረ፣ እሷም አብራኝ አለቀሰች፣ ተቃቀፍን። «ተይው፣ የኔ እናት» አልኳት። «አጣሪዋ ያለውን ትየው፣ የሌለውንም ትየው።»

አጣሪዋ ትልቅ ሴት ናቸው፣ ደረጃው አድክሟቸዋል። የተቀመጡት ፍራሹ ጫፍ ላይ ነው። ቡፌውን ከፍተው አዩ፤ የታስኒም አሻንጉሊት ተኝታበታለች፣ ሌላ ምንም የለም። «የእናቴ ነው፣ አልሸጠውም። ቢጽፉት ይጻፉት» አልኳቸው። ጣሪያውን አዩ፣ ድስቱን ከፈቱ። የማቀርብላቸው ሻይ አልነበረም። ስኳርም የለም። ሰው ቤቴ ገብቶ አፉን ሳያርስ ሲቀመጥ አየሁ። ከልመናም ይሄ ይብሳል።

ከዚያ ወደ ታስኒም ጎንበስ አሉ።

«የት ነው የምትተኚው፣ የኔ ቆንጆ?»

«ማንሱራ» አለች ልጄ።

ኡም ዋኢል በር ላይ «ያ ረብ!» አለች። ሴትዮዋ ብዕራቸውን አቁመው ወደ እኔ ዞሩ። ሐቁን ከመናገር ሌላ ምንም አልነበረኝም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሚስማሩን፣ የተውሶውን ምንጣፍ፣ ሳሉን፣ ቅዳሜ ሄጄ እንዳመጣኋት። ረጀብ እንደተወኝም ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በአፌ ያልኩት ያኔ ነው፤ ለማላውቃቸው ሴት።

«ዛሬ ማታ የት ታድራለች?» አሉኝ።

«እዚህ።»

«ነገስ?»

«እሱ እርስዎ በሚጽፉት ነው።»

ጻፉ፣ ቦርሳቸውን ዘጉ፣ ሲወጡ የታስኒምን ራስ ዳበስ አደረጉ። ደረጃው ላይ ቆመው ትንፋሽ ሲሰበስቡ ሰማኋቸው።

ጃንዋሪ 28

ምንም ወሬ የለም። ታስኒምን ኡም ዋኢል ትይዛታለች፣ ጉልበቷን እያሸች። ሐጅ ሙርሲ ሙሽራውን ክፍሉን ሊያሳየው ይዞት መጣ። ልጁ አፍሮ በር ላይ ቀረ።

ፌብሩዋሪ 3

ታስኒም አሁንም በእንቅልፍ ልቧ ፊክሪያን ትጠራለች። ከእንግዲህ ዝም አላሰኛትም፣ ትጥራት።

ፌብሩዋሪ 11፣ ረቡዕ

ጸደቀ።

ጸሐፊው ሁለቴ አነበበልኝ፣ ሁለቴ ስላስነበብኩት። «ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች» ይላል። ድጎማው ከሚመጣው ወር፣ የዳቦ ካርዱ በኔ ስም፣ መዋያው ከእሑድ ጀምሮ። ኡም ዋኢል መንገድ ላይ እልልታዋን አቀለጠችው፣ አንድ ባለጋሪ «ማን ተዳረች?» ብሎ ቆመ። ሐጅ ሙርሲ ደብዳቤውን በመነጽሩ ሥር አገላብጦ አየና «ለልጁ ሌላ ክፍል እፈልግለታለሁ» አለ።

ማታ ለፊክሪያ ደወልኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልኮራባት ይሆናል። ነገርኳት። ከበስተኋላዋ የቴሌቪዥኗ ድምፅ ይሰማኛል።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «ፒጃማዋ እኔ ጋ ቀርቷል። ሰማያዊው። አጥቤ፣ ተኩሼ አስቀምጬዋለሁ። በሚኒባስ ሰው ልላከው?»

አንድ የልጅ ፒጃማ ተኩሳ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ፣ ማን ይጠይቀኝ ይሆን ስትል የከረመች ሴት ታየችኝ። ለሷ አዝኜ እንደማላውቅ ነበር የማስበው።

«አትላኪው» አልኳት።

«እሺ» አለች ቶሎ ብላ። «እሺ፣ ይቅር።»

«ራስሽ ይዘሽው ነይ ነው የምልሽ። ረመዳን ሊገባ ነው። የመጀመሪያውን ቀን እኛ ጋ ታፈጥሪያለሽ።»

ስታለቅስ ሰማኋት፤ ስልኩን ለታስኒም ሰጠኋት።